ለሣሩ የወጣ ሕግ

አባዬ ሊጠይቁኝ ቨርጂኒያ የመጡ ጊዜ የት እንደምወስዳቸው ጨነቀኝ። ዋሽንግተንን አሳየኋቸው። ኋይት ሐውስን አይተው «ይሄው ነው?» አሉ። የገበያ ማዕከሉ አደከማቸው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን። ሌላውን ቀን ሶፋ ላይ ተቀምጠው በመስኮት መኪና መቁጠር ሆነ ሥራቸው። የመንዝ ሰው እንዲህ ተዘግቶበት አይኖርም ብዬ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሜሰን ኔክ ይዣቸው ወጣሁ።

ሜሰን ኔክ ከእኔ ቤት በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። የፖቶማክ ወንዝ ሰፍቶ ባሕር ሊመስል ሲደርስ፣ ዳር ላይ ያለ ደንና ረግረግ ነው። የተከለለው በ1969 ነው። (የአሜሪካኑን ነገር ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የተከለለውም ለአንድ ወፍ ሲባል ነው። ከዚያ በፊት ቦታው ላይ ከተማ ሊቆረቆር ታቅዶ ነበር። ኤልዛቤት ሃርትዌል የምትባል የአካባቢው ነዋሪ ጎረቤቶቿን አስተባብራ ተሟገተችና ከተማው ቀረ። ዛሬ ጥብቅ ቦታው በስሟ ይጠራል።

ወፉ እዚህ ቦልድ ኢግል የሚሉት ንስር ነው፤ የአሜሪካ ማኅተም ላይ ያለው። «ራሰ በራ ንስር» እያሉ የሚተረጉሙት አሉ። በራ አይደለም፣ ራሱ ነጭ ላባ ነው። አባዬ አንዱን የደረቀ ዛፍ ጫፍ ላይ ሲያዩት «ጥምጥም ያደረገ መርጌታ አይመስልም?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ስም አልፈለግሁለትም።

በእግር መንገዱ ትንሽ እንደሄድን ገመድ ተዘርግቶ አገኘን። ጽሑፍ ተንጠልጥሎበታል። አባዬ እንግሊዝኛ አያነቡም።

«ምን ይላል?»

«ንስሮቹ ጎጆ ስለያዙ ይሄኛው መንገድ ለጊዜው ተዘግቷል ነው የሚለው።»

«እስከ መቼ?»

«ጫጩቶቹ እስኪበሩ።»

ገመዱን በከዘራቸው ነካ አደረጉት። ትንሽ ቆዩና «ታዲያ ቄሮ ነው በይኛ!» አሉ።

ወጣት አንባቢ ቄሮ ሲባል ሌላ ነገር ትዝ ይለዋል። ይሄ ያ አይደለም። የመንዙ ቄሮ የሣር ሕግ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ሲጓዙ ጓሳ የሚባል ብርዳም ሜዳ አለ። ከፍታው ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። ጅብራ ቆሞበታል፣ ጭላዳ ይግጥበታል። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። በጓሳ ሣር ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ ለዝናብ የሚለበሰው ገሳ ይሠራል። አባዬ ተወልደው ያደጉበት ቤት ክዳኑ ጓሳ ነበር። «ቆርቆሮ ምን ያደርጋል? ዝናብ ሲመጣ ሰው አያነጋግርም» ይላሉ እስከ ዛሬ።

ይህን ሣር ሁሉም ባሻው ጊዜ እየገባ ቢያጭደው ምን እንደሚቀር የመንዝ ሰው የገባው ገና በ17ኛው መቶ ዘመን ነው። አስቦና ጌራ ከሚባሉት ሁለት አቅኚ አባቶች የሚወለድ ሁሉ በጓሳ ላይ አጽመ ርስት አለው። ቦታው ለሁለቱ ወገን ተከፍሏል። በየበኩሉ አለቃ ይመረጣል፣ አባ ቄራ ይባላል። አባ ቄራው ተዘግቷል ካለ ተዘግቷል። ሦስት ዓመት፣ ሲያስፈልግም አምስት ዓመት፣ ማጭድ ይዞ የሚገባ የለም። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል። መጀመሪያ አጫጁ ይገባል፣ ከብቱ ይከተላል፣ ማገዶ ለቃሚው በመጨረሻ። ሐምሌ ሲገባ፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ፣ ሁሉም ለቆ ይወጣል።

ወንዙን የሚያሳይ አግዳሚ ወንበር አግኝተን ተቀመጥን። ከቴርሞስ ሻይ ቀዳሁላቸው። ጓሳ በዓለም ላይ ከቀሩት ጥቂት የቀይ ቀበሮ መኖሪያዎች አንዱ መሆኑን አውቃለሁ። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለችም። ያደጉት ቢቆጠሩ ሁሉም ተደምረው 500 አይሞሉም። እናም የፈረንጅ ጥያቄ ጠየቅኋቸው።

«ቀይ ቀበሮንስ ማን ነበር የሚጠብቃት?»

«ማን ይጠብቃታል?» አሉ፣ ጥያቄው ገርሟቸው። «ሕጉ እኮ ለሣሩ ነው። ስለ ቀበሮ ያነሣ ሰው የለም። እሷ ሣሩ ውስጥ ነበረች፣ በቃ።»

ይህን መልስ ይዤ ወራት ተቀመጥኩ። ምን እንደማደርገው ሳላውቅ። ከዚያ 2025 መጣ።

በዚያ ዓመት ሚያዝያ ውስጥ፣ ኤፕሪል 17 ቀን፣ የዱር እንስሳትንና የባሕር ዓሣን የሚጠብቁት ሁለቱ የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች አንድ አጭር ሐሳብ አወጡ። ከአንድ ደንብ ውስጥ የአንዲት ቃል ትርጉም ይሰረዝ የሚል ነው። በሌላ ይተካ እንኳን አይልም። ይሰረዝ ብቻ። ቃሏ «መጉዳት» ናት።

ነገሩን ለማየት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። አሜሪካ የመጥፋት አደጋ የተደቀነባቸውን ዝርያዎች የሚጠብቅ ሕግ ያወጣችው በ1973 ነው። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ናቸው ዲሴምበር 28 ቀን የፈረሙት። በተወካዮች ምክር ቤት 355 ሰው ደግፎ የተቃወመው 4 ብቻ ነበር። የዛሬውን ኮንግረስ ለሚያይ ሰው ተረት ተረት ይመስላል። ሕጉ በእንስሳው ላይ የማይደረገውን ይዘረዝራል፦ ማሳደድ፣ ማደን፣ መተኮስ፣ ማቁሰል፣ መግደል፣ ማጥመድ፣ መያዝ። በዝርዝሩ መሐል መጉዳትም አለ። መጉዳት ማለት ምንድን ነው? ደንቡ ከ1975 ጀምሮ መልሶታል፣ በ1981ም አጥርቶታል፦ መኖሪያውን ክፉኛ ቀይሮ፣ እንስሳው መራባት ወይም መብላት ወይም መጠለል አቅቶት እንዲሞት ወይም እንዲጎዳ ማድረግም መጉዳት ነው።

እንግዲህ ይሰረዝ የተባለው ይሄ ነው። ወፉን መተኮስ እንደተከለከለ ይቀጥላል። ዛፉን ግን…

የሐሳቡ ባለቤቶች ክርክር አላቸው፤ ባዶ ክርክርም አይደለም። በዝርዝሩ ያሉት ሌሎቹ ቃላት ሁሉ ሰው እጁን በእንስሳው ላይ ሲያነሣ የሚያሳዩ ናቸው፤ መጉዳትም በዚያው መንገድ ይነበብ ይላሉ። ይህ ክርክር በ1995 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። በጉጉትና በግንደ ቆርቁር ምክንያት እንጨት መቁረጥ ተከለከልን ያሉ ባለመሬቶችና የእንጨት ኩባንያዎች ናቸው የከሰሱት። 6 ለ3 ተሸነፉ። ከሦስቱ አንዱ ዳኛ ስካልያ ነበሩ። ሸክሙ ባለጸጋው ላይ ብቻ ሳይሆን ተራው ገበሬም ላይ ይወድቃል፣ መሬቱ ለአገር የአራዊት ማቆያ ተነጠቀበት ብለው አምርረው ጻፉ። የ2025ቱ ሐሳብ የተመረኮዘው በእሳቸው ንባብ ላይ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2024 መሥሪያ ቤቶች ሕግን ሲተረጉሙ ዳኞች ይሰጧቸው የነበረውን ክብደት ስላነሣ፣ በሩ ተከፍቷል ብለው አሰቡ።

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። የገባኝን ግን በዚያው በሜሰን ኔክ ወፍ ልንገራችሁ።

ይህን ንስር መግደል የተከለከለው በ1940 ነው። ለብቻው የወጣ ሕግ ነበረው። መግደል የለም፣ መያዝ የለም፣ መሸጥ የለም። ሕጉ ወጥቶ ከ20 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፣ በ1963፣ ከአላስካና ከሃዋይ ውጭ ባሉት 48 ክፍላተ ሀገር ተቆጠረ። የተገኘው 417 ጥንድ ነው። በዚያ ሁሉ አገር! አንዳንድ ተኳሽ አልጠፋም፤ ነገር ግን ወፉን የጨረሰው ጥይት አልነበረም። ዲዲቲ የሚባለው የተባይ መድኃኒት በዓሣው በኩል ገብቶ የእንቁላሉን ቅርፊት ስላሳሳው፣ እናቲቱ ስትታቀፈው ይሰበር ነበር። ወንዝ ዳር ያለው ትልልቅ ዛፍም እየተቆረጠ ነበር። ማንም እጁን አላነሣባትም። ጎጆዋ ላይ ተቀምጣ ነው ዘሯ የጠፋው።

ዲዲቲ በ1972 ታገደ። በዓመቱ ሕጉ ወጣ። ጎጆ ያለበት ዛፍና ዙሪያው ይጠበቅ ጀመር። በ2007 ከዝርዝሩ ሲወጣ 9,789 ጥንድ ነበር። ዛሬ በጥንድ ሳይሆን በነጠላ ሲቆጠር በመቶ ሺዎች ይደርሳል። መርጌታው በእኔ ሰፈር በላይ ሲያልፍ ልጆች ቀና ብለው አያዩትም፣ እርግብ ሆኖባቸዋል። እንስሳውን ብቻ የሚጠብቅ ሕግና ቤቱንም የሚጠብቅ ሕግ ምን እንደሚለያዩ፣ አንድ ወፍ በሁለቱም ውስጥ ኖሮ አሳይቷል።

አንድ ወዳጅ አለኝ፣ ቤት ሠሪ ነው፣ የእኛው ሰው። ይህን ሳወራ ሰምቶ ተቆጣ። «አንቺ ደሞዝተኛ ነሽ» አለኝ። «ሰው ኪራይ መክፈል አቅቶት ምድር ቤት ውስጥ በሚተኛበት ከተማ፣ ለወፍ ብለው ወረቀቴን ዓመት ያጓትቱብኛል።» እውነት አለው። በሰሜን ቨርጂኒያ የቤት ዋጋ የሚያስቅ አይደለም። የሕጉ አፈጻጸምም አንዳንዴ ያበሳጫል። ከሁሉ የታወቀው ቀልድ የ1978ቱ ነው። ቴነሲ ውስጥ ሊያልቅ ጥቂት የቀረው ግድብ፣ ከጣት ብዙም በማትበልጥ ዓሣ ምክንያት በጠቅላይ ፍርድ ቤት ታገደ። ኮንግረስ በዓመቱ ግድቡን ከሕጉ ነጻ አወጣውና ተሠራ። ዓሣዋን ወደ ሌላ ወንዝ አሻግረዋት ተረፈች። እስከ ዛሬ ድረስ ሕጉን መስደብ የሚፈልግ ሰው የሚጀምረው ከእሷ ነው።

ግን ወዳጄ ያላነሣው ነገር አለ። በ1982 ሕጉ ሲሻሻል መውጫ በር ተበጅቶለታል። ሥራህን ስትሠራ ሳታስበው እንስሳ ሊጎዳ ከሆነ፣ ጉዳቱን የምትቀንስበትን ዕቅድ አቅርበህ ፈቃድ ትወስዳለህ። ጣጣ አለው። በር ግን በር ነው።

ከዚህም የሚደንቀኝ የግንደ ቆርቁሯ ነገር ነው። በደቡብ ያለች ትንሽ ወፍ ናት፤ ጎጆዋን የምትፈለፍለው በሕይወት ባለ አሮጌ ጥድ ላይ ነው። አንዱን ለመጨረስ ዓመታት ሊፈጅባት ይችላል። ማን ይተኩሳታል? የሚበላ ሥጋ እንኳን የላትም። ችግሯ አሮጌ ጥድ ማለቁ ነው። ሕጉ ሲመጣ አንዳንድ ባለመሬት ተንኮል አገኘ፦ ዛፉ ሳያረጅ፣ ወፏም ሳትመጣ፣ ቀድሞ መቁረጥ። ይህ ሆኗል፤ ተጠንቷልም። ሕጉ ራሱ ወፏን እየጎዳ ነው ያሉ ሰዎች አልተሳሳቱም።

ታዲያ ምን ተደረገ? ትርጉሙ አልተሰረዘም። በ1995 ሰሜን ካሮላይና ላይ ከባለመሬቶች ጋር ስምምነት ተጀመረ። መሬትህን ለወፏ እንዲመች አድርገህ ብትይዝ፣ ከዛሬ ወዲያ ለሚጨመሩት ወፎች አዲስ ግዴታ አንጭንብህም ተባለ። ገበሬው ተነፈሰ። ወፏም መጣች። በ1970ዎቹ መጨረሻ 1,470 ገደማ የነበረው የመንደራቸው ቁጥር ዛሬ ከ7,800 በላይ ነው። በ2024 ከአደገኛው እርከን ወደ ቀለለው ወረደች። ጎረቤት ከጎረቤቱ እንደሚደራደረው ነው የተደራደሩት። ድርድር የተገኘው ግን ሕጉ ቆሞ ስለነበር ነው። ባለመሬቱን ወደ ጠረጴዛው ያመጣው ያ የመኖሪያ ቃል ነው። ቃሉ ባይኖር ኖሮ ምን ሊደራደር ይመጣል?

ወደ አባዬ ልመለስ። በዚያው ሰሞን በስልክ የ1967ቱን ነገር እንዲነግሩኝ ጠየቅኋቸው። የዚህኛው ዓመተ ምሕረት የእኛ ነው። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ።

«መሬት ላራሹ ደግ ነገር ነው» አሉ። «አጽመ ርስት የሌለው ድሃ ጓሳ ድርሽ አይልም ነበር፣ ያ ግፍ ነው። ግፉን ሲያነሡ ግን መዝጊያውንም አብረው አነሡት።»

«ማን ገባ መጀመሪያ?»

ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«እኛው ነና» አሉ። «እኔና አጎትሽ። ሌላው ከሚወስደው ብለን። ሣሩ ገና እዚህ ነበር» (በእጃቸው እያሳዩኝ መሆን አለበት፣ በስልክ) «ያልደረሰ ሣር። ለክዳን አይሆን፣ ለገመድ አይሆን። ለከብት ሰጠነው።»

ይህን ከዚህ በፊት ነግረውኝ አያውቁም።

ቄሮው ከፈረሰ በኋላ ዳር ዳሩ ታረሰ፤ ከብቱም ዓመቱን ሙሉ ይገባ ጀመር። ሰዉ ግን የአባቶቹን ነገር አልረሳውም። ቆይቶ በየቀበሌው ሰዎች ተመርጠው የጓሳ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ የቄሮውን መዝጋትና መክፈት በአዲስ መልክ መለሱት። ዘር ማንዘር መቁጠሩ ቀረ። ኋላም የክልሉ መንግሥት የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ብሎ ዕውቅና ሰጠው።

ቀይ ቀበሮዋም ሣሩ ውስጥ አለች። ጓሳ ላይ ዓመታት የቆዩ ተመራማሪዎች የሚያስገርም ነገር አይተዋል። ቀበሮዋ ጭላዳዎቹ መሐል እየተዘዋወረች አይጥ ስታድን 67 በመቶ ይሳካላታል። ብቻዋን ስትሆን 25 በመቶ። ጭላዳዎቹም አይሸሿትም፣ እሷም ግልገላቸውን አትነካም ማለት ይቻላል። ሣሩ፣ አይጡ፣ ጭላዳው፣ ቀበሮዋ። ከዚህ ውስጥ የትኛውን ነው ነጥሎ «አትግደል» የሚባለው? በእርግጥ ሣር ብቻውን አያድናትም፤ ከመንደር ውሻ የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ስንቴ ፈጅቷታል። ለእሱ ክትባት አለ። ለታረሰ ጓሳ ግን ክትባት የለም።

የአስተያየት መስጫው ጊዜ የሚዘጋው ሜይ 19 ነበር። እዚህ አገር መሥሪያ ቤት ደንብ ሲቀይር ማንም ሰው የመሰለውን መጻፍ ይችላል፤ የሚያነበው ሰው ይኑር አይኑር እንጃ፣ ግን ይመዘገባል። ከሥራ ገብቼ፣ እራት ሠርቼ፣ ልጆቹን አስተኝቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። መጀመሪያ ስለ ዳኞቹ ጀመርኩና አጠፋሁት። ያንን ጠበቆች በደንብ ይጽፉታል። ከዚያ ስለ ሣር ጻፍኩ። አባቴ ከተወለዱበት አገር ስለ ቀበሮ አንድም ቃል የሌለው ሕግ ቀበሮን በመቶ ለሚቆጠሩ ዓመታት እንዳቆየ፣ ሕጉ የተነሣ ዓመት መጀመሪያ የገቡት ሽፍቶች ሳይሆኑ የገዛ ቤተሰቤ እንደሆኑ ጻፍኩ። አጎቴ ክፉ ሰው እንዳልነበሩም ጨመርኩ። አሥራ አንድ መስመር ሆነ። እንግሊዝኛውን ልጄ ሁለት ቦታ አረመችልኝ።

በኖቬምበር ደግሞ ሌሎች አራት ማሻሻያዎች በአንድ ላይ መጡ። ብዙው በ2019 ተደርጎ በ2024 በከፊል የተመለሰውን እንደገና የሚገለብጥ ነው። አንዱ፣ ሥጋት ላይ ነው ተብሎ አዲስ የሚመዘገብ እንስሳ ወዲያው የሚያገኘውን ጥበቃ የሚያስቀር ነው። ያንንም ጻፍኩበት። እንዲያውም ሁለተኛው ጊዜ ይቀላል።

ከሁለቱ መሐል፣ በበጋ፣ ሜሰን ኔክ ብቻዬን ሄጄ ነበር። ገመዱ ተነሥቷል። ሰው በጋሪ ሕፃን ይዞ ያልፋል። እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ለአባዬ ደወልኩ።

«ያ ቄሮ ተከፈተ?» አሉኝ፣ ሰላምታ እንኳን ሳንጨርስ።

«ተከፈተ አባዬ።»

«ጫጩቶቹስ?»

ቀና አልኩ። አንዱ ጥዱ ላይ ተቀምጧል። ራሱ ገና ነጭ አልሆነም፣ ቡናማ ነው፤ ጥምጥሙን እስኪያገኝ ወደ አምስት ዓመት ይፈጅበታል።

«ዲያቆን ነው ገና» አልኳቸው።

ሳቁ።